ለውድ ባለቤቱ ምስጋና ይድረስ!

ባለፈው ሳምንት ደሴ ላይ ዝናቡ አንድ ኮፒ ቤት ውስጥ ከተተኝ። ቤቱ በሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች ጢም ብሏል። የታሪክ ፕሮጀክት ማስረከቢያው ነገ ነው። የተሰጣቸው ደግሞ ከሦስት ወር በፊት። እንዴት ያለ ትዕግሥት ነው! እኛ በጊዜያችን የቤት ሥራ በተሰጠ ማግስት እንረበሽ ነበር። እነዚህ ሦስት ወር ሙሉ አልተንቀሳቀሱም።

የጎረቤቴ ልጅ አየኝና የታሰረ ጥራዙን ዘረጋልኝ። «ጋሼ፣ እስቲ እዩልኝ።» ርዕሱ የውጫሌ ውል ነው። ደስ አለኝ፤ የሰፈራችን ታሪክ ነዋ! ከደሴ ሐይቅን አልፈህ ትንሽ ብትሄድ ውጫሌ ነህ።

የመጀመሪያውን ገጽ ገለጥኩ። ምስጋና ይላል። «ይህን ጥናት ሳዘጋጅ በትዕግሥት ለታገሰችኝ ውድ ባለቤቴና ለሁለት ልጆቻችን።» ልጁ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። ሰርጉ ላይ ባለመጠራቴ ቅር አለኝ። ቀጥሎ የመመረቂያ ጽሑፍ አማካሪውን ያመሰግናል። ገጽ ሦስት ላይ ውሉ በ1889 ተፈረመ። ገጽ አምስት ላይ የአድዋ ጦርነት በ1888 ተካሄደ። እንግዲህ አስቡት፣ መጀመሪያ ተዋጋን፣ ድል አደረግን፣ በዓመቱ ተቀምጠን የምንጣላበትን ውል ፈረምን። ምስኪን ጣሊያን ገና ላልተፈረመ ወረቀት አድዋ ድረስ ሄዶ አለቀ!

አንደኛው ዓመት የፈረንጅ፣ ሁለተኛው የእኛ መሆኑን የገለበጠውም፣ ያተመውም፣ የጠረዘውም አላየም። በእኛ አቆጣጠር ውሉ 1881 ነው። ጠቡ የመጣው ደግሞ ከአንቀጽ 17 ነው። አማርኛው ንጉሡ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በጣሊያን በኩል መጻጻፍ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ ጣሊያንኛው ግዴታ አደረገው። በአንዲት ግሥ የተነሳ ስንት ሰው አለቀ። የዚህን ውል ታሪክ ሳያነቡ መጠረዝ የተለየ ተሰጥኦ ይጠይቃል።

«ባለቤትህ ደህና ናት?» አልኩት። ገጹን አየና ሳቀ። «አብሽር ጋሼ፣ ቲቸር እዚያ ድረስ አያነቡም።»

ገና የመጀመሪያው ገጽ እኮ ነው!

መምህሩንም ላመስግን። ሦስት ወር ሙሉ «የት ደረሳችሁ? ማንን ጠየቃችሁ?» ሳይሉ መቆየት ጽናት ነው። (ክፍሉ እንደ ሰኞ ገበያ መጨናነቁ አይጠፋኝም። ግን አንዴ እንኳ?) አባትየውም ምስጋና ይገባቸዋል፤ የኮፒ ቤቱን ሒሳብ ሳያቅማሙ ከፍለዋል።

ሽሙጡ እዚህ ላይ ይብቃኝ። የዚህ ልጅ አያት የ77ቱን ረሃብ በዓይናቸው ያዩ ሴት ናቸው። የቀበሩትን ሰው በስም ይቆጥራሉ። በየቀኑ ቡና ሲፈላ ከልጁ ጎን ነው የሚቀመጡት። ደብተር ይዞ «እማማ፣ እስቲ ንገሪኝ» ያላቸው የለም። ጠይቅ ያለውም የለም! ነገ ሲሞቱ ለቅሶው ላይ ተደርድረን «ስንት ታሪክ ይዘው ሄዱ» እንላለን። እናፍርም!

ትናንት ውጤቱ መጣ። ከአሥር ዘጠኝ። አንዷ የተቀነሰችው ሽፋኑ ላይ ፎቶ ስለሌለ ነው።

ለባለቤትህ ሰላም በልልኝ አልኩት።