መዥገሯም ትመዝገብ

የእህቴ ልጅ ክረምቱን ቃሉ ወረዳ፣ ዘመድ ቤት ከብት ሲጠብቅ ከረመና ትኩሳት ይዞ ደሴ ገባ። ራሱን ይፈልጠዋል፣ ብሽሽቱ ላይ ንፍፊት አብጧል። ክሊኒክ ወሰድኩት። ደም ሰጠ፣ ትንሽ ጠበቅን፣ ውጤቱ መጣ፦ «ታይፎይድም ታይፈስም አለበት»። ወሎ ውስጥ ይህን ተብሎ የማያውቅ ሰው ካለ እጁን ያውጣ።

ማታ እግሩን ሲታጠብ ከጉልበቱ ጀርባ ምስር የምታክል ጥቁር ቅርፊት አየሁ። «ምንድን ናት?» ስለው፣ «መዥገር ነበረች፣ ነቅዬ ጣልኳት» አለኝ፣ እንደ ዋዛ። ክሊኒኩ ውስጥ ሱሪህን ሰብስብ ያለው አልነበረም። እውነት ለመናገር፣ እኔም ትዝ አላለኝም።

መዥገር ነው ብዬ አልምልም። ግን ትኩሳት፣ ጥቁር ቅርፊትና ንፍፊት አንድ ላይ ሲመጡ በመዥገር ንክሻ የምትተላለፈውን፣ ሪኬትሲያ አፍሪኬ የምትባለውን ባክቴሪያ መጠርጠር ደንብ ነው። እንግዳ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1966 እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ከከብት ላይ ከተለቀመ መዥገር ተገኝታለች። ስለ ሕመሙ የተጻፈው ግን አብዛኛው ደቡብ አፍሪካ ሳፋሪ ከርመው አገራቸው ሲገቡ ከታመሙ ቱሪስቶች የተገኘ ነው። እረኛውን ማን ጠይቆት!

ነገሩ የሚበላሸው ምርመራው ላይ ነው። ታይፈስ በቅማል የምትተላለፍ ሌላ ሪኬትሲያ የምታመጣው በሽታ ነው። ለታይፈስ የሚሠራው ዌይል ፊሊክስ የሚባል የደም ምርመራ ግን ሪኬትሲያን ራሷን አይፈልግም። የደሙን ውሃ ፕሮቲየስ ከሚባል ሌላ ባክቴሪያ ጋር ቀላቅሎ ይቋጥር እንደሆነ ማየት ነው። የቅማሉም የመዥገሯም ሪኬትሲያ ሊያስቋጥሩት ይችላሉ። በሳምንታዊው የጤና ሪፖርት ታይፈስና ግርሻ (ሌላው የቅማል ትኩሳት) ቦታ አላቸው፣ መዥገር የላትም። ስለዚህ የእሷም ሥራ በቅማል ስም ይጻፋል።

«ዶክሲሳይክሊን ለሁለቱም ይሠራል፣ ምን ለየው?» የሚለኝ አይጠፋም። አዎ፣ ዶክሲ ከታዘዘ። ለታይፎይድ ተብሎ ሴፍትሪያክሶን ብቻ የተወጋ ሰው ግን ሪኬትሲያዋ አትነካበትም። ደግሞም ቅማል ከሆነ ልብስ ይቀቀላል፣ መዥገር ከሆነ ከብቱ መድኃኒት ይረጫል። ያለ ምክንያት ልብስ ስንቀቅል መክረማችን ነው።

ኮምቦልቻ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ አለ። ደሴ የአማራ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ቅርንጫፍ አለ። መሃላቸው በሚኒባስ አንድ ሰዓት አይሞላም። ሰኞ ባቲ ገበያ ላይ የአፋሩም የደጋውም ከብት ይገናኛል። እዚያ መዥገር እየለቀሙ ዓይነቱንና የተሸከመውን መለየት፣ በዚያው ሳምንት በየጤና ጣቢያው ትኩሳት ይዞት የመጣውን «መዥገር ነክሶሃል ወይ?» ብሎ ገላውን ማየት፣ ሁለቱን መዝገብ ጎን ለጎን ማስቀመጥ። አፋር ክልልም ይግባበት፣ ከብቱ ከዚያም ይመጣልና።

ልጁ ድኗል። ካርዱ ላይ ያለው ግን «ታይፈስ» ነው።