ቀንሱት፣ ግን ንገሩን

ማታ ከ1 እስከ 5 ሰዓት አዲስ አበባ ላይ ኢንተርኔት ለምን እንደሚንቀራፈፍ ለመረዳት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ሰው ከሥራ ገብቷል። ልጆች ዩቲዩብ ላይ ተጥደዋል። ኳስ ካለ ግማሹ ሰፈር በስልኩ እያየ ነው። በአንድ አንቴና ሥር ያለ ስልክ ሁሉ የሚካፈለው አንድ አቅም ነው፤ ሰው ሲበዛ ድርሻ ያንሳል። እዚህ ላይ ከማንም ጋር ጠብ የለኝም።

ጠብ ያለኝ ከመፍትሔው ጋር ነው። «በመጨናነቂያ ሰዓት ፋይል የሚያጋሩትን ለይቶ ፍጥነታቸውን መቀነስ ነው» የሚሉ አሉ፤ ብዙዎቹ የአይቲ ሰዎች ናቸው። ክርክራቸው አጭር ነው፦ ቶረንት በሚባለው ፋይል መቀባበያ ዘዴ የሚያወርደው ፊልም ሊመነትፍ ነው፣ እኔ ስብሰባ ላይ ነኝ፣ እሱ ይጠብቅ። ሲሰሙት ልክ ይመስላል። ፍጥነት ይቀነስ፣ እሺ። የሰውን ሥራ በዓይነት እየመረጡ፣ ያውም ሳይናገሩ መቀነስ ግን ሌላ ነገር ነው።

እውነታቸውን ልመንላቸው መጀመሪያ። ብራም ኮኸን የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው ቢትቶረንት ፋይልን ከአንድ ሰርቨር አይቀዳም። ፋይሉ በትንንሽ ቁራጭ ይከፋፈላል፤ የሚያወርደው ሁሉ የደረሰውን ቁራጭ ለሌላው እያካፈለ ይቀጥላል። ስለዚህ አንዱ ኮምፒውተር በአንዴ ከብዙ ሌሎች ጋር ይገናኛል። መስመሩ ሲጨናነቅ ደግሞ አቅሙ በአብዛኛው የሚከፋፈለው በሰው ልክ ሳይሆን በግንኙነት ብዛት ነው። እርስዎ በአንድ ግንኙነት ኢሜይል ሲከፍቱ ጎረቤትዎ በሠላሳ ግንኙነት ከመጣ፣ የማን ድርሻ እንደሚበልጥ ግልጽ ነው። በዚያ ላይ ቶረንት እየተቀበለ ይልካል። የብዙ ቤት መስመር ለመላክ ያለው አቅም ለማውረድ ካለው ያነሰ ነው፤ እሷኑ ጠባብ በር አንዱ ይዟት ያድራል። ስለዚህ ቅሬታው ከሜዳ የመጣ አይደለም።

ግን ይህን መንገድ የሞከሩት ምን እንደገጠማቸው እንይ። እ.ኤ.አ. በ2007 ኮምካስት የተባለው የአሜሪካ ኢንተርኔት አቅራቢ ኩባንያ የደንበኞቹን የቶረንት ግንኙነት ሲያቋርጥ ተያዘ። አደራረጉ ነው የሚገርመው። መሃል ገብቶ፣ ከወዲያኛው ኮምፒውተር የመጣ አስመስሎ፣ «ግንኙነቱ ይቋረጥ» የሚል ሐሰተኛ መልእክት ይልክ ነበር። አሶሺየትድ ፕሬስ የተባለው የዜና ወኪል ይህን ለማረጋገጥ የላከው ፋይል የተሰረቀ ፊልም አልነበረም፤ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ነበር። የባለቤትነት መብት የማይጠየቅበት፣ ማንም ለማንም ሊሰጠው የሚችል። እሱም ተደናቀፈ። ኩባንያው መጀመሪያ ካደ፣ ቆይቶ «የማዘግየት ሥራ ነው» አለ። የአሜሪካ ቴሌኮም ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2008 አቁም ቢለውም፣ በ2010 ፍርድ ቤት ይህን የማዘዝ ሥልጣን የለህም ብሎ ውሳኔውን ሻረው። (አሜሪካኖቹ እስከ ዛሬ አልጨረሱትም። በ2015 እንዲህ ያለውን የሚከለክል ደንብ አወጡ፣ በ2017 ሻሩት፣ በ2024 መለሱት፣ በ2025 መጀመሪያ ላይ ፍርድ ቤት እንደገና ጣለው።)

አራት ኪሎ ታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ቆመው ያውቃሉ? ተራ አስከባሪው «ትልቅ ሻንጣ የያዘ እስከ 2 ሰዓት አይጫንም» ብሎ ጮኾ ቢናገር ሰው ያጉረመርማል፣ ግን አንዱ በእግሩ ይሄዳል፣ ሌላው ራይድ ይጠራል። ሻንጣ የያዘውን እየለየ በጆሮው «ያንተ ታክሲ ተበላሽቷል» ቢለው ግን ሰውዬው እዚያው ቆሞ ያመሻል። ኮምካስት ያደረገው ሁለተኛውን ነው።

ካናዳዎች ሌላ መንገድ ሄደዋል፤ እኔ የምወደውም የእነሱን ነው። ቤል ካናዳ የተባለው ኢንተርኔት አቅራቢ ፋይል ማጋራትን የሚቀንሰው በታወቀ ሰዓት ነበር፦ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት። ተከሶ ተቆጣጣሪው ዘንድ ቀረበ። ተቆጣጣሪው አልከለከለውም። እ.ኤ.አ. በ2009 ግን ለሁሉም የሚሠራ ደንብ አወጣ። አቅራቢው ፍጥነት ከመቀነሱ ከ30 ቀን በፊት ለደንበኛው መንገር አለበት። ለምን እንደሚቀንስ፣ ማንን እንደሚነካ፣ በስንት ሰዓት፣ የትኛውን ዓይነት አገልግሎት፣ ፍጥነቱስ ምን ያህል እንደሚወርድ። በቃ ይኸው ነው። ቤልም በ2012 ራሱ ተወው፤ ሰው ወደ ቀጥታ ቪዲዮ ስለዞረ የፋይል ማጋራት ድርሻ እየቀነሰ ነው ብሎ።

እዚያው ካናዳ ሮጀርስ የተባለው ኩባንያ ደግሞ ቶረንት እቀንሳለሁ ሲል የኦንላይን ጌም ተጫዋቾችን አብሮ መታ። በ2011 አመነ። ይህ የአንድ ድርጅት ስንፍና አይደለም። መሣሪያው ትራፊኩን እያየ «ይሄ ቶረንት ይመስላል» ብሎ ይገምታል፤ ሲገምት ይስታል። ቶረንት ራሱን በምስጠራ ሲሸፍን ደግሞ አቅራቢው የተመሰጠረውን ሁሉ መጠርጠር ይጀምራል። ያኔ ከቤቱ ቪፒኤን በሚባለው የተመሰጠረ መስመር የመሥሪያ ቤቱን ሲስተም የሚከፍተው የባንክ ሠራተኛም ይንቀራፈፋል። ቅድም «እኔ ስብሰባ ላይ ነኝ» ያለው ሰውዬ ማለት ነው።

አሁን ወደ ከተማችን። እዚህ ፋይል ማጋራት ሲባል ቶረንት ትንሹ ክፍል ነው። ፊልም የሚፈልግ ሰው ለዓመታት ፍላሹን ይዞ ሱቅ ሄዶ ሲያስጭን ኖሯል፤ አሁን ቴሌግራም ቻናል ይገባል። ቴሌግራም በነፃው አገልግሎት አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ይቀበላል። የተማሪው ፒዲኤፍ፣ የመዝሙሩ ስብስብ፣ የሞባይል አፑ፣ ሁሉም እዚያ ነው። «ፋይል የሚያጋሩትን ቀንሱ» ካላችሁ የከተማውን ግማሽ ቀነሳችሁ። ቶረንት የሚጠቀመውም ሁሉ ሌባ አይደለም። አምስት ኪሎ ኡቡንቱ የሚባለውን የኮምፒውተር ሲስተም (እንደ ዊንዶውስ ያለ) የሚያወርድ ተማሪ አለ፤ ጊጋባይቶችን የሚፈጅ፣ ነፃ የሆነ፣ ባለቤቶቹ ራሳቸው በቶረንት የሚሰጡት። ሁለት ተማሪዎች በአንድ አቅራቢ ሥር ሆነው አንዱ ከሌላው ቢቀባበል እንዲያውም ወደ ውጭ የሚወጣውን መስመር ያቀላል። ባሕር በር የሌለን አገር ነን፤ ወደ ዓለም የምንወጣው በጎረቤት ምድር አልፎ ባሕር በሚደርስ ኬብል ነው።

ፒያሳ አካባቢ ፎቅ ላይ ቪዲዮ የሚያቀናብር ልጅ አውቃለሁ። የጥር ሰርግ ሲመጣ አይተኛም። ውጭ ያለው ዘመድ «ላክልን እንጂ» እያለ ይጨቀጭቀዋል፤ የአንድ ሰርግ ቪዲዮ ደግሞ የዋዛ ፋይል አይደለም። ማታ መላክ ያስጀምርና ኪቦርዱ ላይ «እየላከ ነው፣ እንዳትነኩ» የሚል ወረቀት አስቀምጦ ይሄዳል። ጠዋት ሲመጣ ግማሽ አልደረሰም። ይደውላል። «ከእኛ በኩል ችግር የለም፣ ሞደሙን አጥፍተህ አብራው» ይሉታል። ያጠፋል፣ ያበራል። ገመድ ይቀይራል። ከጎረቤት ሞደም ይዋሳል። ፍጥነት ሲለካ ውጤቱ ደህና ነው፤ ሲልክ ግን ይሳባል። መስመሩ ተጨናንቆ ይሁን፣ ተበላሽቶ ይሁን፣ ሆን ተብሎ ተቀንሶ ይሁን ማንም አልነገረውም። እንደተቀነሰበት ማስረጃ የለኝም፤ እሱም የለውም። የሚያበሳጨው ይኸው ነው። «ከ1 እስከ 5 ሰዓት መላክ ይቀንሳል» የሚል አንድ መስመር ቢያገኝ ሥራውን ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ያስጀምር ነበር፤ ለሞደም ፍለጋም ባልተንከራተተ።

ደግሞ መፍትሔ ጠፍቶ አይደለም። የሶፍትዌር ሰዎቹ ራሳቸው ቶረንትን ጨዋ አድርገውታል። ሌድባት የሚባል ዘዴ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በዓለም አቀፍ ሰነድ የተመዘገበ። መስመሩ ላይ መዘግየት ሲጀምር ያውቅና ራሱ ወደ ኋላ ይላል፣ ሌላው እንዲያልፍ። አቅራቢውም መቀነስ ካለበት በሰዓቱ አብዝቶ የሚጠቀመውን ይቀንስ፣ ፊልም ይሁን ሰርግ ሳይጠይቅ። ኮምካስትም በመጨረሻ የገባው ወደዚህ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን የዋጋው መንገድ ነው። የሌሊት ጥቅል በርካሽ ሽጡልን። ትልቅ ፋይል ያለው ሰው እንቅልፉን ትቶ ይጠብቃችኋል፣ እናንተም የማንንም ጓዳ አትፈትሹም።

ይህን የሚጠይቅ አካል አለን። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በአዋጅ 1148/2011 የተቋቋመ ነው። ሳፋሪኮም በእኛ አቆጣጠር በ2015 መስከረም ሥራ በይፋ ከጀመረ ወዲህ ገበያው ላይ ሁለት ተፎካካሪ አለ። ባለሥልጣኑ የካናዳውን ደንብ ዓይነት አንድ ገጽ ቢያወጣ ለሁለቱም እኩል ይሠራል፤ ማንም ቀድሞ ተናግሮ ደንበኛ አጣሁ ብሎ አይፈራም።

ጥቅል ስንገዛ ወዲያው አጭር መልእክት ይደርሰናል፤ መጠኑንና የሚያበቃበትን ቀን ይነግረናል። እዚያው ላይ ፍጥነቱ የሚቀንስበትን ሰዓትና ምን ያህል እንደሚቀንስ ይጨምሩበት። ቦታ አይበቃም እንዳይሉን ደግሞ፣ የዕጣና የሽልማት ማስታወቂያው ከዚህ ረዝሞ በየቀኑ ይደርሰናል።