ማስተካከያ፦ ተራማጅ የአይሁድ ማኅበረሰብ በሰፈር ለመጀመር

በቴል አቪቭ ሰፈሮች ተራማጅ (ሪፎርም) የአይሁድ ማኅበረሰብ ስለማቋቋም ቀደም ሲል በወጣው መመሪያ «አሥር ወንዶች፣ ራቢ (የሃይማኖት መምህር) እና የቶራ (የአምስቱ የሙሴ መጻሕፍት) ጥቅልል ከሌሉ አይጀመርም» ተብሏል። ይህ ይታረም።

ሚንያን፣ ማለትም ለማኅበር ጸሎት የሚያስፈልገው ቁጥር፣ 10 አዋቂ መሆኑ ልክ ነው፤ በተራማጆቹ ዘንድ ግን ሴቶችም እኩል ይቆጠራሉ። ራቢ ባይኖርም ጸሎቱን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ይመራል። ጥቅልሉ የሚፈለገው ለቅዳሜ ጠዋት ንባብ ነው፤ የዓርብ ማታ ጸሎት የቶራ ንባብ ስለሌለው የጸሎት መጽሐፍ ይበቃል። አዲስ ቡድን ከዓርብ ቢጀምር የሚሻለውም ለዚህ ነው።

ስለ ሰንበት ሻማ የተጻፈው «ሻማ ሁልጊዜ ከምሽቱ 1 ሰዓት» የሚለውም ይሰረዝ። ሰንበት የሚገባው ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ነውና የተለመደው ከመጥለቋ 18 ደቂቃ በፊት ማብራት ነው። በታኅሣሥ ቴል አቪቭ ላይ ፀሐይ 11 ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ትጠልቃለች፤ በሰኔ ደግሞ ወደ ምሽቱ 2 ሰዓት ትጠጋለች። ቋሚ ሰዓት የያዘ ቡድን ክረምት ላይ ሻማውን ሰንበት ከገባ በኋላ ሲለኩስ ይገኛል። የየሳምንቱን ሰዓት አስቀድሞ ማሳወቅ ነው።

ሁሉም ከየቤቱ በሚያመጣው እራት ላይ በአይሁድ የምግብ ሕግ አብረው የማይበሉት ሥጋና ወተት መገናኘታቸው አይቀርም፤ «ሥጋ የሌለበት ብቻ» ይባል። ዶሮ ወጥ ያሰበ ቅር ይለው ይሆናል፣ ምስር ወጥ ግን ማንንም አያጣላም።