ወገኖቼ፣ የሰው ሞት መወራረጃችን አይሁን

ወገኖቼ ሆይ፣ ሩሲያ የካቲት 17 ቀን 2014 ዓ.ም. ጦሯን ወደ ዩክሬን ካዘመተች ጀምሮ በየቡና ቤቱ፣ በየታክሲውና በየመሥሪያ ቤቱ የምናካሂደውን ክርክር በሐዘን ስሰማ ቆይቻለሁና ዛሬ ሳልሸሽግ ልናገራችሁ። ስለ ዓለም ጉዳይ መነጋገራችሁን አልነቅፍም፤ የስንዴን፣ የዘይትንና የማዳበሪያን ዋጋ እስከ ገበያችን ድረስ ያናጋ ጦርነት አይመለከተንም የሚል ካለ ተሳስቷል። የምነቅፈው ስንት ሰው አለቀ ሳይሆን ማን አሸነፈ ብቻ እያልን፣ ደስ ያሰኘንን ዘገባ እውነት፣ ያስከፋንን ፕሮፓጋንዳ ብለን መፈረጃችንን ነው።

ብዙዎቻችሁ ለሩሲያ የምታደሉበትን ምክንያት አውቃለሁ። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ የምዕራባውያን መገናኛ ብዙኃን ስለ እኛ የዘገቡበትን መንገድ ብዙ ሰው እንደ በደል ቆጥሮታል፤ ቅሬታውም እስከ ዛሬ አልበረደም። ነገር ግን ስለ እኛ ያዳላ ጋዜጠኛ ስለ ኪየቭ የተናገረው ሁሉ ሐሰት፣ የእሱ ባላንጣ የተናገረው ሁሉ ደግሞ እውነት ነው ማለት ከየት የመጣ ፍርድ ነው? ምስክር የሚመረመረው ባየውና በሰማው እንጂ በማን ወዳጅነቱ አይደለም።

በሁለቱም ወገን ሐሰት ተነግሯል። ብዙ የሩሲያ አውሮፕላኖችን ብቻውን ጣለ የተባለለት «የኪየቭ መንፈስ» በእውን የሌለ ሰው መሆኑን የዩክሬን አየር ኃይል ራሱ አምኗል። ኅዳር 6 ቀን 2015 ዓ.ም. አሶሺዬትድ ፕሬስ የተባለው የአሜሪካ ዜና ወኪል ስሙ ያልተጠቀሰ አንድ የአሜሪካ የስለላ ባለሥልጣንን ምንጭ አድርጎ፣ የሩሲያ ሚሳይሎች ፖላንድ ገብተው ሁለት ሰዎች ገደሉ ሲል ዘገበ፤ የወደቀው ሚሳይል የዩክሬን አየር መከላከያ የተኮሰው ሳይሆን እንደማይቀር ሲገለጽ ግን ዘገባውን ሰረዘ። በሩሲያ በኩል «ሞስክቫ» የተባለችው የጦር መርከብ ሚያዝያ 2014 ስትሰጥም ሞስኮ ምክንያቱ የእሳት አደጋ ነው አለች እንጂ በሚሳይል መመታቷን አላመነችም። ከዚህ የሚብሰው፣ ስለ ሠራዊቱ «ሐሰተኛ መረጃ» አሰራጨ የተባለን ሰው እስከ 15 ዓመት የሚያሳስር ሕግ ጦርነቱ በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት መውጣቱ ነው። ስለዚህ ሁሉም ያው ነው ብላችሁ አትለፉት፤ የተሳሳተው ሊታረም በሚችልበትና የሚያርመው በሚታሰርበት አገር የሚጻፍ ዘገባ እኩል አይመዘንም።

ስለ ውጤቱም ያልተባለ የለም። ኪየቭ በሦስት ቀን ትወድቃለች ያሉ ነበሩ፤ የሩሲያ ጦር በመጋቢት 2014 መጨረሻ ከዋና ከተማዋ ዙሪያ አፈገፈገ። ዩክሬን በ2015 መጀመሪያ የኸርሶንን ከተማ ስታስመልስ ሩሲያ አለቀላት ያሉም ነበሩ፤ በግንቦት ባኽሙት፣ በየካቲት 2016 አቭዲቭካ የተባሉት የዩክሬን ከተሞች በሩሲያ እጅ ወደቁ። ከእነዚህ ነቢያት መካከል ተመልሶ ተሳስቻለሁ ያለ ሰው ሰምታችኋል?

የወዳጅነቱ ታሪክም በቅጡ ይነገር። በ1888 ዓ.ም. ከዐድዋ ድል በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች መጥተው ቁስለኞቻችንን አክመዋል፤ ይህ ውለታ አይረሳም። በደርግ ዘመን ያስተማረንና ያስታጠቀን ግን ሶቪየት ኅብረት ነበር፤ ዩክሬንም አንዷ አካሉ ነበረች። በኪየቭ፣ በኻርኪቭና በኦዴሳ የተማሩ ኢትዮጵያውያን ዛሬም በመካከላችን አሉ። የተማሩበትን ከተማ ቦምብ ሲደበድበው እያዩ በአጠገባቸው የምናጨበጭብ ከሆነ፣ ውለታውን የምናስታውሰው እየመረጥን ነው ማለት ነው።

ወሬያችን ወሬ ብቻ ሆኖ እንደማይቀር በሚያዝያ 2014 አይተናል። በማኅበራዊ ሚዲያ የተነዛውን፣ ለሩሲያ የሚዘምት ዳጎስ ያለ ገንዘብ ይከፈለዋል የሚል ወሬ ሰምተው ወጣቶች የሰነዳቸውን ፋይል ይዘው አዲስ አበባ በሚገኘው የሩሲያ ኤምባሲ ደጃፍ ተሰለፉ። ኤምባሲው ወታደር እንደማይመለምል አስታወቀ። ልጆቹን ወደዚያ የመራቸው ድህነት ብቻ አልነበረም፤ ጦርነቱን ያለቀለት ድል፣ ሞቱንም የሌላ ሰው ዕጣ አስመስሎ የሚያወራው የእኛ አንደበትም ነበረበት። በተለይ ተሰሚነት ያላችሁ አባቶች፣ መምህራንና የሃይማኖት ሰዎች፣ የትኛውም ጦር ድል አደረገ የሚል ወሬ በልጆቻችሁ ፊት ከመድገማችሁ በፊት፣ ማን እንዳለው፣ በቦታው ነበረ ወይስ አልነበረም፣ ቢሳሳትስ የሚያርመው አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን ካላገኛችሁም ወሬውን ከእናንተ አታሳልፉት።