የስደት ልብወለዳችን የቀሩትንም ይጻፍ

ስለ ስደት የተጻፈ ልብወለድ ካገኘሁ ሳላነብ አላልፍም። አንብቤ ስጨርስ ግን አንድ ነገር ይቆጨኛል። ታሪኩ ሁልጊዜ የሄደውን ሰው ተከትሎ ይሄዳል። በረሃው፣ ደላላው፣ የሰው አገር ብርድ። እቤት የቀረችው እናት አንድ ምዕራፍ ላይ ታለቅስና በዚያው ትረሳለች።

እኔ ያደግሁት ጎንደር ነው። እዚህ የቀረውም ሰው ልቡ ተሰዷል።

ጎረቤታችን አንዲት እናት አሉ። ከገጠር ወደ ከተማ የመጡት ወደ እስራኤል ለመሄድ ተመዝግበው ነው። ልጃቸው ቀድማቸው ሄደች። እሳቸው በኪራይ ቤት ተራ ይጠብቃሉ። ቤታቸው ቁምሳጥን የለውም፤ ልብሳቸው ሻንጣ ውስጥ ነው። እናቴ አንድ ቀን «እትዬ፣ ለምን አንድ ቁምሳጥን አይገዙም?» አለቻቸው። «ገዝቼ ለማን ልተወው?» አሉ። ያኔ ልጅ ነበርኩ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ስመለስም ሻንጣው እዚያው ነበር። የልጅ ልጃቸውን በስልክ ያዩታል። እሱ በዕብራይስጥ ያወራል፣ እሳቸው በአማርኛ ይመርቁታል፣ ልጃቸው መሃል ሆና ታስተረጉማለች። ምርቃት በአስተርጓሚ! ይህን ማን ጻፈልን?

ቤተ እስራኤላውያን ለረጅም ዘመን «ፈላሻ» ሲባሉ ኖረዋል። ቃሉ «ፈለሰ» ከሚለው የመጣ ነው፤ ከቦታው የተነቀለ፣ መጻተኛ እንደ ማለት። ስሙን አይወዱትም፤ እውነት አላቸው። ብረት ሲቀጠቅጡ፣ ሸክላ ሲሠሩ፣ ለነገሥታቱ ግንብ ሲገነቡ ኖረው በገዛ አገራቸው እንግዳ ተባሉ። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ከተወሰዱት ብዙዎቹ ከዚሁ አካባቢ በእግራቸው የተነሱ ናቸው። በሺዎች የሚቆጠሩት በመንገድና በመጠለያ አለቁ። በግንቦት 1983 ደግሞ ከ14 ሺህ በላይ ሰው በ36 ሰዓት ገደማ ከአዲስ አበባ ተጓጓዘ። እዚያ ሲደርሱ «ኢትዮጵያውያን» ተባሉ። አንድ ሰው ሁለት አገር ላይ የሌላ አገር ሰው ሲሆን፣ ከዚህ በላይ ምን ዓይነት የልብወለድ ገጸ ባሕርይ እንፈልጋለን?

ርዕሱ ለአማርኛ እንግዳ አይደለም። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» የታተመው በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ነው። የመጽሐፉ ባለታሪክ ጦቢያ ወንድ መስላ በሰው አገር ትንከራተታለች። የመጀመሪያው ልብወለዳችን በሰው አገር ታትሞ፣ ማንነቷን የደበቀች ልጅ ታሪክ ይዞ ነው የመጣልን።

ሌላም የሚያንገበግበኝ አለ። ስደት ሲባል የምናስበው የእኛን መውጣት ብቻ ነው። ጎንደር ግን ከተማ የሆነችው መጤ ተቀብላ ነው። ዓፄ ፋሲል ከቆረቆሯት በኋላ ከየአቅጣጫው ሰው መጣ። አዲስ ዓለም የሙስሊሞች፣ ካይላ ሜዳ የቤተ እስራኤል ሰፈር ነበሩ። በእኛ ዘመንም በሚያዝያ 2015 የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ብዙ ሰው በመተማ በኩል ሸሽቶ ገባ። መጠለያውም ሰላም አልሆነላቸውም። በዚያው በመተማ መንገድ ደግሞ የእኛ ልጆች ለዓመታት ወጥተዋል። የሚወጣውና የሚገባው አንድ ሻይ ቤት ተገናኝተው ቢቀመጡ ምን ይባባላሉ? እኔ ያንን ምዕራፍ ማንበብ እፈልጋለሁ። ሱዳናዊው አላፊ አግዳሚ ሆኖ ሳይሆን ስም፣ እናትና ቂም ያለው ሰው ሆኖ።

ጎንደር ውስጥ የሚጽፉ ወጣቶች አውቃለሁ። ብዙዎቹ አይተውት ስለማያውቁት ስለ አውሮፓ ይጽፋሉ። ግቢያቸው ውስጥ ያለውን ቢያዩ ደስ ይለኛል።

ጎረቤታችን በቀደም ሻንጣቸውን ሲያናፍሱ አየሁ። ነጭ ቀሚስ፣ በፌስታል የተጠቀለለ የምዝገባ ወረቀት፣ አንዲት ትንሽ ጋቢ። ጥጡን ራሳቸው ናቸው የፈተሉት፤ ለልጅ ልጃቸው፣ ገና እንደተወለደ። ልጁ ዘንድሮ እዚያ ወታደር ቤት ይገባል።