የሻላ ሙግት፦ የዝናብ አምላክ ወይስ የአዳድ ሚስት?

አስቀድመን እንናገር፤ የዛሬዋ ሻላ ከአቢያታ ጎን ካለው ሐይቃችን ጋር ዝምድና የላትም። ስም ብቻ ነው የገጠመው። ይቺኛዋ በጤግሮስና በኤፍራጥስ አገር፣ ዛሬ ኢራቅና ሶርያ በምንለው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ትመለክ የነበረች አምላክ ናት። ባሏ አዳድ ነው፤ ሱመሮች ኢሽኩር የሚሉት የነጎድጓድና የዝናብ ጌታ። መጻሕፍት ሻላን «የአየር ጠባይና የእህል አምላክ» ብለው በአንድ መስመር ያልፏታል። ጥያቄው ይህ ነው፦ «የአየር ጠባይ» የሚለው ማዕረግ የራሷ ነው ወይስ በባሏ ያገኘችው? ሁለት ጸሐፊዎች ተፋጠዋል። በላ ልበልሃ!

እሱ፦ አምላክ በሥራው ይታወቃል። ታዲያ የሻላ ሥራ የቱ ነው? ኢሽታር ወደ ሙታን አገር ወርዳ ተመልሳለች። ኤንሊል የጥፋት ውሃ አውርዷል። ሻላ ግን እኔ ነኝ ብላ የምትቆምበት አንድ ተረት እንኳ የላትም።

ማስረጃ ላምጣ። የባቢሎኑ ንጉሥ የሐሙራቢ ሕግ ሲያበቃ ረጅም እርግማን አለው። ሕጉን የሚያፈርስ ንጉሥ ቢነሣ አማልክቱ በየተራ እንዲቀጡት ይጠራሉ። አዳድም ተጠርቷል፤ ዝናብን ከሰማይ፣ ጎርፍን ከምንጩ እንዲነሳው። ሚስቶች ተረስተው ነው እንዳትይኝ፤ የኤንሊል ሚስት ኒንሊል እዚያው በስሟ ተጠርታለች። ሻላ የለችም። ዝናብ በሚከለከልበት ቦታ ያልተጠራች የዝናብ አምላክ ምን ዓይነት ናት?

ሌላም አለ። አትራሐሲስ በሚባለው ታሪክ አዳድ ዝናቡን ይዞ አገር በረሃብ አለቀ። መፍትሔው ምን ሆነ? ለአዳድ ቤት ሥሩለት፣ የተጋገረ ዳቦና የዱቄት መባ ደጁ ድረስ ውሰዱለት፣ በስጦታው አፍሮ እጁን ያነሣል ተባለ። አፈረና አነሣ። እዚህም የባልየው ስም ብቻ ነው ያለው።

እሷ፦ ወንድሜ፣ ታሪኩን አጋምሰህ ተውከው። አዳድ አፍሮ እጁን ሲያነሣ ምን ሆነ? መብረቅ አልወረደም። ነጎድጓድ አልተሰማም። ጠዋት ጉም ሆነ፤ ሌሊት በስውር ጤዛ ወረደ፤ ማሳውም ማንም ሳያይ እህል አበቀለ። ይሄ ሁሉ የአየር ጠባይ አይደለም እንዴ? አንተ የምታውቀው የአየር ጠባይ ጣራ የሚያንኳኳውን ብቻ ነው። ገበሬ ግን ዝናብን የሚለካው በድምፁ አይደለም፤ በዛላው ነው። የሻላ ምልክት ደግሞ የገብስ ዛላ ነው። ባቢሎንን በገዙት በካሳውያን ነገሥታት ዘመን በተቀረጹት የርስት ድንጋዮች ላይ ከአዳድ መብረቅ ሌላ የሷም ዛላ ይገኛል።

አሁን አንዲት ትንሽ ነገር ላሳይህ። ኒውዮርክ በሚገኘው የሞርጋን ቤተ መጻሕፍት አንድ የአካድ ዘመን ማኅተም አለ፤ ዕድሜው ከ4 ሺህ ዓመት በላይ ነው። እንደ በርሜል የተሠራ ድንጋይ ሆኖ ከአውራ ጣት አይበልጥም። እርጥብ ጭቃ ላይ ስታንከባልለው ሥዕሉ ይወጣል። አንድ አምላክ ባለአራት ጎማ ሠረገላ ላይ ቆሞ ጅራፍ ይዟል። ሠረገላውን የሚጎትተው ክንፍ ያለው አንበሳ መሰል አውሬ ነው። በአውሬው ጀርባ ላይ፣ በሁለቱ ክንፎች መካከል፣ አንዲት ራቁቷን ያለች ሴት ቆማለች። በሁለት እጆቿ የጨበጠችው ጭረት ጭረት ነገር ዝናብ ነው፤ መብረቅ ነው የሚሉም አሉ። ፊት ለፊት አንድ ሰው በመሠዊያ ላይ መጠጥ ያፈስሳል።

ልብ በል፤ ባልየው ጅራፍ ነው የያዘው። ዝናቡ ያለው በሷ እጅ ነው።

እሱ፦ ሥዕሉ ያምራል፤ አልክድም። ግን ማኅተሙ ላይ «ሻላ» የሚል ጽሑፍ አለ? የለም። ሴትየዋን ሻላ ያሏት የዘመናችን ሊቃውንት ናቸው፤ እነሱም ሁሉም አልተስማሙበትም። ስም ያልተጻፈበትን ምስክር ችሎት ፊት አታቁሚ።

ስለ ስሟም ካነሣን፣ በሰሜን ሶርያና በዙሪያዋ ይነገር በነበረው በሁሪ ቋንቋ ሻላ ማለት ሴት ልጅ ማለት ነው፤ የአምላኳም ስም ከዚያ የመጣ ነው የሚሉ አሉ። ማዕበል የለበትም፣ ደመና የለበትም። ደግሞ ከሷ በፊት የኢሽኩር ሚስት ሜዲምሻ የምትባል ነበረች። ኋላ የአማልክት ስም ዝርዝር የሚጽፉት ጸሐፍት ሁለቱን አንድ ናቸው ብለው አረፉት። ሚስቲቱ ተቀየረች፣ ባልየው ያው ነው። የማን ቤት እንደሆነ ከዚህ አይታወቅም?

ገበሬውንም ጠርተሽዋል፤ ግን የየት አገር ገበሬ? በደቡብ፣ በባቢሎንና በኡር በኩል፣ በዓመት የሚወርደው ዝናብ 200 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። በዚያ እህል አይበቅልም። ያበላቸው ቦይ ነው። ሐሙራቢ አዳድን «የሰማይና የምድር ቦይ ጠባቂ» ማለቱ ወዶ አይደለም። በዚያ አገር ማዕበል ሲመጣ ደግሞ ጭንቅ ነው። ገብሱ የሚታጨደው በሚያዝያና በግንቦት፤ የተራራው በረዶ ቀልጦ ሁለቱ ወንዞች የሚሞሉትም ያኔ! የእኛ ዓባይ ግብጽን የሚያጥለቀልቃት እህል ከተሰበሰበ በኋላ ነበር፤ እነሱ ግን የደረሰ አዝመራ ይዘው ነው ጎርፍ የሚጠብቁት። በዚያ ሰዓት የሚለመነው ጎርፉን የያዘው እጅ ነው።

እሷ፦ የደቡቡን ነገርከኝ፣ ሰሜኑን ዋጥከው። በአሦር ገበሬው ሰማይ አይቶ ነው የሚዘራው። የሻላን ስም በትልቁ የምናገኘውም እዚያ ነው።

ሰናክሬምን ከመጽሐፍ ቅዱስ ታውቀዋለህ፤ ኢየሩሳሌምን የከበበው። ይኸው ሰውዬ ከሞሱል በስተሰሜን፣ ባቪያን በሚባል ሸለቆ፣ ውሃ ወደ ነነዌ የሚወስድ ቦይ ሲያሠራ ታሪኩን ገደሉ ላይ አስቀርጿል። እዚያ ውስጥ ስለ ምን ይናገራል መሰለህ? ስለ አዳድና ስለ ሻላ። ሁለቱ የኤካላቱም ከተማ አማልክት ነበሩ። በአሦር ንጉሥ በቴልጌልቴልፌልሶር ዘመን (የፊተኛው ነው፣ የመጽሐፍ ቅዱሱ አይደለም) የአካድ፣ ማለትም የባቢሎን፣ ንጉሥ ማርዱክ ናዲን አኼ ምስሎቻቸውን ማርኮ ወደ ባቢሎን ወሰዳቸው። ሰናክሬም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ689 ባቢሎንን አፍርሶ፣ ከ418 ዓመት በኋላ ሁለቱንም ወደ ቦታቸው መለሳቸው። እሱ ራሱ ነው 418 ብሎ የቆጠረው። አራት መቶ ዓመት የምትታወስ አምላክ ጌጥ ናት?

እሱ፦ ሶፋ ሲዘረፍ ትራሱም አብሮ ይሄዳል፣ እህቴ።

እሷ፦ ሳቅ! ትራስ በስሙ ገደል ላይ አይቀረጽም ግን። ሰናክሬም «አዳድና ሚስቱ» ብሎ አላለፈም። «አዳድና ሻላ፣ የኤካላቱም አማልክት» ነው ያለው።

እሺ፣ ድንጋዩን እንተወውና ቀና ብለን ሰማይ እንይ። ሙል አፒን የሚባል የባቢሎናውያን የኮከብ ዝርዝር አለ። ስሙ የማረሻ ኮከብ ማለት ነው፤ የመጀመሪያው ቃሉ እሱ ስለሆነ ነው እንዲህ የተባለው። ከክርስቶስ ልደት በፊት 1000 ዓመት ገደማ እንደተጠናቀረ ይገመታል። እዚያ ውስጥ ትልም የሚባል ኮከብ አለ። ከጎኑ የተጻፈው ይህ ነው፦ «ሻላ፣ የእህል ዛላ»። ባሏ አልተጠቀሰም። ትልሙም ዛላውም የሷ ነው።

ዛላ ባቢሎናውያንና አሦራውያን በሚናገሩት በአካድኛ ሹቡልቱ ነው። ጮክ ብለህ በለውማ። በዕብራይስጥ ሺቦሌት፤ ኤፍሬማውያን «ሲቦሌት» ብለው በዮርዳኖስ መሻገሪያ የታረዱበት ቃል። በዐረብኛ ሱንቡላ። በግዕዝ ሰብል። አካድኛ ለግዕዝም ለአማርኛም ዘመድ ነው፤ አንተ ዛሬ «ሰብሉ እንዴት ነው?» ስትል ከሻላ ምልክት ጋር አንድ ሥር ያለውን ቃል እየጠራህ ነው።

አልጨረስኩም። የአባቶቻችን ኮከብ ቆጠራ ሐመል፣ ሰውር፣ ገውዝ ብሎ ሲቆጥር ስድስተኛው ማን ነው?

እሱ፦ ሰንቡላ።

እሷ፦ ሰንቡላ! ከዐረብኛው የመጣ ነው፤ የእህል ዛላ ማለት ነው። ግሪኮች እዚያው ቦታ ላይ ዛላ የያዘች ድንግል ሣሉ፤ ከሁሉ ደምቆ የሚታየውን ኮከብ ሮማውያን ስፒካ አሉት፣ እሱም ዛላ ነው። መነሻው ያ የባቢሎን ትልም ነው። የአዳድን መብረቅ ሰማይ ላይ ፈልገህ አምጣልኝ እስቲ።

እሱ፦ አያቴ ኮከቧ ሰንቡላ ነው ይሏት ነበር። ለሻላ መሆኑን ብታውቅ ውሃ ትረጭ ነበር፣ ነፍሷን ይማረው።

እሺ፣ ዛላውን ወሰድሽ። ትልሙንም ውሰጂ። ግን የተነሣንበት ጥያቄ ስለ እህል አልነበረም፤ ስለ አየር ጠባይ ነበር። ያመጣሽልኝ ሁሉ የደረሰ አዝመራ ነው። ዝናቡ በሷ እጅ የታየው አንዴ ብቻ ነው፤ ያውም ስሟ ባልተጻፈበት ማኅተም።

እሷ፦ አዝመራው ምን ጠጥቶ ደረሰ?