በእኛ ቤት ልብ የለም!

ሰሞኑን አንድ ለቅሶ ላይ ነበርኩ። ሟች ገና ጎልማሳ ነው። ንፍሮው ሳይዞር ምርመራው አለቀ። በድንኳኑ አንድ ጥግ የተቀመጡት «መጋኛ ነው» አሉ። ፊት ለፊታቸው ያሉት «የለም፣ ማታ የበላው ጥሬ ሥጋ ነው» ብለው ይግባኝ ጠየቁ። ካርታ ተጫዋቾቹ ደግሞ «ዓይን ነው እንጂ! በቀደም መኪና ገዝቶ አልነበር?» ብለው መዝገቡን ዘጉት። የልብ ምት የሚያነብ ኢሲጂ የለ፣ የደም ምርመራ የለ፣ ወረፋ የለ። እንዲህ ያለ ነጻ የሐኪሞች ቦርድ በየሰፈሩ ያለው ሕዝብ ቢኮራ አይፈረድበትም።

እኔን ይበልጥ የሚያስቀናኝ ግን የቤተሰብ ምሥጢር አጠባበቃችን ነው። አንድ የተከበረ ቤተሰብ ላንሳላችሁ። በየሰፈራችሁ አለላችሁ።

አያት በ52 ዓመታቸው ደረታቸውን ይዘው ወደቁ። ምክንያቱ በወሰን ክርክር መናደዳቸው ነው። አባት በ50 ዓመታቸው ደረታቸውን ይዘው ወደቁ። ላብ እንዳላቸው ቀዝቃዛ ውኃ ጠጥተው ነው። ትልቁ አጎት ሠርግ ላይ እስክስታ ሲወርዱ ደረታቸውን ያዙ። ምቀኛ ነው። ትንሹ አጎት ግራ ክንዳቸውን እያሹ፣ በላብ ተጠምቀው አለፉ። ጨጓራ። የአጎት ልጅ በእኩለ ቀን ዛፍ ሥር ሽንቱን ሸንቶ መጋኛ መታው። የመታው ደረቱ ላይ ነው፣ መቼም። አክስት ደግሞ መንጋጋቸውን አመማቸው፣ አቅለሸለሻቸው፣ ድካም ጣላቸው። ጥርስ ነው ተባለ። ጥርሱ ተነቀለ። በማግሥቱ እሳቸውም ጥርሱን ተከተሉት።

በመጨረሻ የ43 ዓመቱን ልጅ ደረቱን ጨመደደውና ሐኪም ቤት ተወሰደ። ሐኪሟ «በቤተሰብ የልብ ሕመም ያለበት ሰው አለ?» አለችው። አፉን ሳይከፍት እናት ቀደሙ፦

«በስመ አብ! በእኛ ቤት ልብ የለም!»

እውነታቸውን ነው።

እኚሁ እናት ልጅ ሲድሩ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። የሙሽራው ቅድመ አያት ከየት እንደመጡ፣ ከማን ጋር እንደተጣሉ፣ በስንት በሬ ያርሱ እንደነበር ይነግሯችኋል። ለሐኪም ሲሆን ግን አንድ ቤት መቁጠር ነውር ሆነ። ሴትዮዋ የጠየቀችው እኮ ሰባት ቤት አይደለም። አባት ወይም ወንድም ከ55 ዓመት በፊት፣ እናት ወይም እህት ከ65 በፊት ልባቸውን ታመው እንደሆነ ነው። ከሆነ ልጁ ከሌላው ሰው ይበልጥ ያሰጋዋል። ደም ግፊቱን፣ ስኳሩንና ኮሌስትሮሉን ከጓደኞቹ ቀድሞ ይለካል፣ ሲጋራ ካለም ይጥላል። «እኔ ቀጭን ነኝ፣ ቅባትም አልወድ» የሚለው ወገናችንም ይስማ። አንዳንድ ቤት ከፍተኛ ኮሌስትሮል በውርስ ይመጣል። ከአንዱ ወላጅ ወደ እያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ቅጥነት አያስጥልም። መድኃኒት ግን አለው።

ግን መለካት ሟርት ነው። ተውት።

የሌሊቱን ሕክምናችንን ሳላደንቅ አላልፍም። ሰውዬው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ደረቱ ላይ ድንጋይ የተጫነበት መስሎት ይነሳል። «ጨጓራ ነው!» ተልባ ይመታል፣ ዝንጅብል ይፈላል፣ ከጎረቤት ኦሜፕራዞል የሚባለው የጨጓራ ኪኒን ይመጣል። አንዱ ጀርባውን ያሻል፣ ሌላው እንዲያገሳው ብሎ ለስላሳ ይከፍትለታል። ሲያገሳ ቤቱ በሙሉ «ተመስገን፣ ወጣለት!» ይላል።

ምን ወጣለት? ለልቡ ደም በሚያደርሰው ቧንቧ ውስጥ የተጋገረው ስብ ተሰንጥቆ ደም ረግቶበታል! የልቡ ሥጋ በየደቂቃው እየሞተ ነው! የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት አለ፤ ቧንቧውን በፊኛ ከፍቶ፣ እንዳይዘጋ ደግፎ የሚይዝ ስቴንት የሚባል ትንሽ የሽቦ ቱቦ የሚያስገባ ባለሙያም አዲስ አበባ ውስጥ አለ። ሁለቱም የሚያድኑት ቶሎ የደረሰላቸውን ነው። ሕመሙ ከጀመረ 12 ሰዓታት ካለፉ የሚያሟሟው መድኃኒት እምብዛም አይረባም። ኢሲጂ የደቂቃዎች ሥራ ነው። እናንተ ግን እስኪነጋ ለስላሳ ትግቱታላችሁ! መኪናችሁ ድምፁን ቢቀይር በሌሊት መካኒክ ትቀሰቅሱ ነበር።

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

ያ የ43 ዓመት ልጅ ባለጌ ሆኖ ተገኘ። ከእናቱ ተደብቆ ተመለሰና የአባቱን፣ የአያቱን፣ የአጎቶቹን ሁሉ አወጣ። ኮሌስትሮሉ ከፍ ብሎ ተገኘ፣ ኪኒን ጀመረ። ይባስ ብሎ እህትና ወንድሞቹን «ተመርመሩ» እያለ መደወል ያዘ። እህቱ ለጥር ሠርግ አላት! አማቾች ቢሰሙስ? ቤተሰቡ ሽማግሌ ላከበት።

ሽማግሌዎቹ ግራ ቀኙን ሰምተው ፈረዱ። ኪኒኑን ይዋጥ፣ ግን በቪታሚን ብልቃጥ ገልብጦ ያስቀምጠው። ሰብሳቢው ፍርዱን ሲናገሩ ደረታቸውን በመዳፋቸው ያሹ ነበር። የቆየ ጨጓራ አለባቸው።